ዘመድ የሰጠው፣ ባዳ የሰጠው

ሥራ ስላገኘ ሰው ሲወራ እኛ ሀገር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይሠራል?» አይደለም። «ማን አስገባው?» ነው። ያስገባው ወንድሙ ከሆነ ወሬው እዚያው ያልቃል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባልና ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምን እንደሠራ ዞር ብሎ የሚያይለት የለም።

እኔ ዞር ብዬ ላየው የፈለግኩት ሰው ክሊንት ሃዋርድ ይባላል። አሜሪካዊ ተዋናይ ነው፣ የተወለደው በ1959 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ። የወንድሙን ሥራ ግን ሳታዩት አልቀራችሁም፤ «አፖሎ 13»ን፣ «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ»ን፣ «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ»ን የሠራው ዳይሬክተር ሮን ሃዋርድ ታላቅ ወንድሙ ነው። ክሊንት ከደርዘን በላይ በሆኑ የሮን ፊልሞች ውስጥ አለ። ስለዚህ «ማን አስገባው?» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ከገባ በኋላስ?

ክሊንት ፊቱን አውቀን ስሙን የማናውቀው ዓይነት ተዋናይ ነው። እኔ የምኖርበት ጦር ኃይሎች ላይ፣ ከአያት የሚመጣው ቀላል ባቡር የሚያልቅበት አካባቢ፣ እንደዚህ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የታክሲ ተራ አስከባሪው አለ፣ ጠዋት ጠዋት ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ አለች። አንድ ቀን ቢጠፉ ሰፈሩ ሰፈር አይመስልም። ግን ስማቸውን ብትጠይቁኝ አላውቅም። ፊልም ውስጥም እንዲህ ዓይነት ሰው ያስፈልጋል። መሪ ተዋናዩ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ቀድሞ የነበረ፣ እሱ ሲወጣም እዚያው ሥራውን የሚቀጥል የሚመስል ሰው። እሱ ከሌለ ዋናው ሰውዬ የሚንቀሳቀሰው ካርቶን መሐል ነው።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ስናየው የምናስበውን አይመስልም። አባታቸው ራንስ ሃዋርድና እናታቸው ጂን ስፒግል ሃዋርድ ሁለቱም ተዋንያን ነበሩ፤ ከኦክላሆማ ተነስተው ሆሊውድ የገቡ። ሮን በ1960 በጀመረው «ዘ አንዲ ግሪፊዝ ሾው» ገና በሕፃንነቱ ታወቀ። ክሊንትም እዚያው ተከታታይ ላይ ታየ። የካውቦይ ልብስ ለብሶ፣ ሳንድዊች ይዞ የሚዞር፣ አንድም ቃል የማይናገር ሕፃን ሆኖ ነበር። ይህ የወንድም ስጦታ ነው እንበል። ግን በ1967 ክሊንት «ጄንትል ቤን» በሚባል፣ አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ድብ ጓደኛ በሆኑበት ተከታታይ መሪ ተዋናይ ሆነ። በ1968 የሮን ፕሮግራም ሲያበቃ የታናሹ ገና እየሄደ ነበር። ለአንድ ሰሞን በዚያ ቤት ውስጥ የራሱ ፕሮግራም ያለው ክሊንት ነበር ማለት ነው። «የእገሌ ወንድም» የሚለው ማዕረግ ያኔ የማን እንደነበር አስቡት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራውን ለሁለት ከፍዬ ነው የማየው። ዘመድ የሰጠውና ባዳ የሰጠው ብዬ።

ከባዳው ልጀምር። በ1966፣ በሰባት ዓመቱ፣ «ስታር ትሬክ» ላይ ባሎክ የሚባል እንግዳ ፍጡር ሆነ። ፀጉር የሌለው ለማስመሰል ራሱ ላይ ሽፋን አድርገውለት፣ ድምፁን ደግሞ በአዋቂ ሰው ድምፅ ተክተውበት። የቀረለት ፊቱ ብቻ ነው። በዚያ ፊት ብቻ ስንት ጊዜ የሚታወስ ሰው ሠራ! «ስታር ትሬክ» በተለያየ ስም እንደገና በተሠራ ቁጥር ይጠሩታል፤ በ1995፣ በ2002፣ በ2018፣ በ2023። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሮን በሌለበት ቤት።

በ1979 «ሮክ ኤንድ ሮል ሃይስኩል» ላይ ኢግልባወር የሚባል ተማሪ ነው። ቢሮው የወንዶች ሽንት ቤት ውስጥ ነው፣ ለተማሪው የጎደለውን ሁሉ የሚያመቻች ደላላ። ቀልዱ የሚሠራው ክሊንት ስለማይቀልድ ነው። እውነተኛ ቢሮ ውስጥ እንዳለ እውነተኛ ነጋዴ ይሠራዋል። በ1981 ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ የሚመስል ፊልም አለ፣ «ኢቪልስፒክ»። ወታደራዊ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም የሚቀልድበት ወላጅ አልባ ተማሪ፣ የጥንት የላቲን መጽሐፍ አግኝቶ አፕል ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ያስተረጉመዋል፤ በዚያው ሰይጣን ይጠራል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሊስቅበት ይችላል። እኔም ስቄያለሁ። ግን ልጁ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ትከሻው እንዴት እንደሚፈታ ልብ በሉ። ከሰው ጋር ሲሆን የሚኮማተር ልጅ ማሽን ፊት ብቻ ይዝናናል። ይሄንን አውቀዋለሁ፤ ካምፓስ እያለን ላብ ውስጥ የሚያድሩትን ሁሉ ነው የሚመስለው። በርካሽ ፊልም ውስጥ እውነተኛ ነገር አለ።

አሁን ወደ ዘመድ። ሮን በ1977 የመጀመሪያ ፊልሙን «ግራንድ ቴፍት ኦቶ»ን ሲሠራ ክሊንት አብሮት ነበር። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ረዥም ነው። «ፓረንትሁድ» ላይ ሜዳ ዳር የሚጮህ ወላጅ፣ «ባክድራፍት» ላይ አስከሬን ክፍል የሚሠራ ሰው፣ «ሲንደሬላ ማን» ላይ የቦክስ ዳኛ። አያችሁት ነገሩን? ሁሉም የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወንድሙ አንድም ጊዜ መሪ ተዋናይ አላደረገውም። ለሮን የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ያስገኘለት «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» ላይ ደግሞ ክሊንት ጭራሽ የለም።

ስለዚህ የተለመደው ሐሜት ተገልብጦ ነው የሚገኘው። ትልቁን የሰጠው ባዳ ነው፣ ትንሹን የሰጠው ዘመድ። ታዲያ ወንድሙ በደለው? ይሄን ጥያቄ ለመመለስ 1995ን ማየት ይበቃል፤ ሁለቱም ስጦታ በአንድ ዓመት የመጣው ያኔ ነውና።

የባዳው ስጦታ «አይስክሬም ማን» ነው። ክሊንት መሪ ተዋናይ ነው። ከአእምሮ ሕሙማን ተቋም ወጥቶ አይስክሬም የሚሸጥ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይሠራል። ካሜራው ከፊቱ አይወርድም። ችግሩም እሱ ነው። ፊልሙ ከእሱ የሚፈልገው ያንኑ ፊት ብቻ ነው፣ ዓይን ማፍጠጥ፣ መሳቅ፣ እንደገና ማፍጠጥ። ሲሠራው ጎበዝ ነው፤ ግን ሃያ ደቂቃ ላይ ያያችሁት ሰው መጨረሻም ላይ ያው ነው። ትልቅ ሚና ያልኩት በሰዓት ሲለካ ነው እንጂ ውስጡ ለመሄድ ቦታ የለውም።

የዘመዱ ስጦታ «አፖሎ 13» ነው። በ1970 ሚያዝያ ውስጥ ወደ ጨረቃ ስትሄድ የኦክስጅን ታንኳ የፈነዳባት መንኮራኩር ታሪክ። ክሊንት የሚጫወተው በሂዩስተን የበረራ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የመንኮራኩሯን ኤሌክትሪክና ኦክስጅን የሚከታተለውን ሳይ ሊበርጎትን ነው፤ በእውነትም የነበረ ሰው። መነጽር፣ ጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ስክሪን። ከዚያ ወንበር ብዙ አይነሳም።

ፍንዳታው ሲደርስ እሱ የሚያየው እሳት አይደለም፤ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ አራት ነገር በአንዴ እንደተበላሸ ይነግሩታል። የእሱ መልስ «ሊሆን አይችልም፣ መለኪያው ነው የተሳሳተው» የሚል ነው። ይህችን ቅጽበት ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ተረኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቃታል። መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሲስተሙን ሳይሆን ሲስተሙን የሚለካልንን ነው። ማታለል አይደለም፤ አእምሮ የሚያውቀውን ነገር ላለማጣት ትንሽ ጊዜ ሲለምን ነው። ክሊንት ይህን ልመና ድምፁ ውስጥ ያስገባዋል። ዓረፍተ ነገሩ የቴክኒክ ሪፖርት ነው፣ ድምፁ ግን ቀድሞ አውቆታል።

ከዚያ ሁለተኛው ይመጣል። ኦክስጅኑ እያለቀ ነው። ሊበርጎት ለበረራው ኃላፊ ለጂን ክራንዝ (ኤድ ሃሪስ ነው የሚጫወተው) ሁለት የነዳጅ ሴሎችን ቫልቭ ዝጉ ማለት አለበት። ቫልቮቹ አንዴ ከተዘጉ አይከፈቱም፣ በቀረው በአንዱ ሴል ብቻ ደግሞ ጨረቃ ላይ ማረፍ አይቻልም። ማለትም ስንት ዓመት የተለፋበትን ጉዞ «በቃ፣ ቀረ» የሚለው እሱ ነው፣ ከዚያች ወንበር ላይ ሆኖ። ፊልሙ ውስጥ ቶም ሃንክስ አለ፣ ኤድ ሃሪስ አለ። ዳይሬክተሩ ግን ይህን መርዶ ለወንድሙ ሰጠው።

ክሊንት እዚህ ላይ የማያደርገውን ተመልከቱ። አይጮህም፣ ዓይኑን አያፈጥም፤ «አይስክሬም ማን» ላይ የሚያደርገውን አንዱንም አያደርግም። የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው፣ መርዶ ነጋሪ እንደሚናገረው፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ በፊት ክብደቱን የሚያውቅ ሰው። ጀግና አይደለም፣ ጀግና ለመምሰልም አይሞክርም። ሥራውን የሚያውቅና ሥራው ዛሬ ምን እንደጠየቀው የገባው ሰው ነው። በእኔ ግምት ክሊንት ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ፊልሙ ውስጥ እናታቸውም የጠፈርተኛው የጂም ሎቭል እናት ሆነው አሉ፣ አባታቸውም ቄስ ሆነው አሉ። ቤተሰቡ በሙሉ ገብቷል፣ አዎ። አንዳቸውም ግን ሲያጌጡ አይታዩም፤ ሁሉም ሸክም ይዘው ነው የገቡት።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም። «ሶሎ» (2018) ላይ ሮቦቶች እርስ በርስ የሚያደባድብ ሰው ሆኖ ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትዕይንቱ ከእሱ ብዙም አይፈልግም። የሚያውቅ ሰው «አሃ፣ ወንድምየው!» እንዲል የተደረገ ጥቅሻ ነው የሚመስለው። ዘመድ የሚሰጠው ነገር አደጋው ይሄ ነው። ሥራ መሆኑ ቀርቶ ምልክት ይሆናል።

ባዳውም ቢሆን ጥቅሻ ያውቃል። በ1998 ኤምቲቪ የሕይወት ዘመን ሽልማት ሰጥቶታል። ደስ ይላል፣ ግን ያንኑ ሽልማት በ1996 የወሰደው ጎድዚላ፣ በ1997 የወሰደው ደግሞ የ«ስታር ዋርስ»ቱ ቹባካ ነው። ሁለቱም የፊልም ፍጡራን ናቸው። በ1994ም ለሪቻርድ ራውንድትሪ ተሰጥቷል፤ በ1973 «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ከእኛው ደበበ እሸቱ ጋር ለተጫወተው። ሽልማቱ ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ፌዝ ነበር። ትንንሽ ሚና ለሚሠራ ሰው ዓለም የምትሰጠው ክብር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ካጨበጨበች በኋላ ትስቃለች፣ ወይ ስቃ ታጨበጭባለች።

ወንድማማቾቹ በ2021 አብረው «ዘ ቦይስ» የሚል የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አሳትመዋል። ክሊንት እዚያ ላይ ስለ መጠጥና ዕፅ ሱሱ፣ እንዴት እንደወጣበትም ሳይሸፋፍን ይጽፋል። አንዱ ወንድም ሽቅብ ሲወጣ ሌላው ቁልቁል የሚወርድበት ዘመን እንደነበራቸው ይገባችኋል። ይህን ሳውቅ የሮን ትንንሽ ሚናዎች ሌላ መልክ ያዙብኝ። ለወንድም ትልቅ ሚና መስጠት ትልቅ ቁማር ነው፤ ቢወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። ትንሽ ሚና ግን ደጋግሞ ሊሰጥ ይችላል። ወንድሙ ደጋግሞ ሰጠው፣ እሱም በየጊዜው መጥቶ ሠራው። ዓመታት ያለፉት በዚህ ነው።

ለምን ይሄ ሁሉ እንደሚያሳስበኝ ልናገር። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ታላቅ ወንድሜ ስሜን ስለጠቀሰልኝ ነው። ለወራት «የእገሌ ወንድም» ነበርኩ። ኮዴ ሲሠራ «ወንድሙ አሳይቶት ይሆናል»፣ ሳይሠራ ደግሞ «በዘመድ ሲገባ እንዲህ ነው»። ሥራ ፈላጊው በበዛበት ከተማ ይህ ሐሜት ከንቱ ነው አልልም። በዘመድ ምክንያት በሩ የተዘጋበት ሰው አለ፣ ንዴቱም ልክ ነው። ንዴቱ የሚመለከተው ግን በሩን ነው። ውስጥ የተሠራውን ሥራ አይመዝንልንም፣ እሱን ለመመዘን መቀመጥና ማየት ያስፈልጋል።

«አፖሎ 13»ን ስታዩ ጠፈርተኞቹን ለአንድ ጊዜ ተዉአቸውና መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለውን መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተከታተሉት። ማን እንዳስገባው አሁን ታውቃላችሁ። ቫልቮቹ ይዘጉ ሲል ግን ያንን ታስታውሱት እንደሆነ እዩት።