ተቀባይ ያጣ አውጪ፦ በፌርፋክስ ጎዳና ስላለው የስደት ኪነት

«ኪነት ለማን?» የሚለው ጥያቄ በስደተኛ ተማሪዎች መጽሔቶች ገጾች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። መልሱም ዘወትር አንድ ዓይነት ነበር፤ «ለሰፊው ሕዝብ» ይባልና ውይይቱ ይዘጋል። እኛ ዛሬ ጥያቄውን በጥቂቱ ለውጠን ልናነሣው እንወዳለን፤ ይኸውም «ኪነት ከማን ጋር?» የሚል ነው። ለሕዝብ የተሠራ ሁሉ ከሕዝብ ጋር የተሠራ አይደለምና። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በስደት ላይ ይበልጥ ይሰፋል፤ ስለዚህም ሂሳችንን ከምናውቀው ጎዳና እንጀምራለን።

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በኦሊምፒክ ቡሌቫርድና በዊትዎርዝ ድራይቭ መካከል የሚገኘው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል በ2002 እ.ኤ.አ. በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ትልቅ ነው፤ ቦታው ግን እግረኛ በጥቂት ደቂቃ የሚያልፈው ነው። ምግብ ቤቱን፣ የበርበሬና የጤፍ መሸጫውን፣ የሀገር ልብስ ሱቁን አንድ በአንድ ከፍተው መንደሩን ያቆሙት ነጋዴዎቻችን ናቸው፤ ለዚህ ድካማቸው ክብር ይገባቸዋል። መስከረም በጠባ ቁጥርም በጎዳናው ላይ የዘመን መለወጫ በዓል ይከበራል። መድረክ ይተከላል፤ ድምፅ ማጉያ ይቆማል፤ ዘፋኝ ይዘፍናል፤ የሠለጠኑ ተወዛዋዦች እስክስታ ይወርዳሉ። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ከመድረኩ በታች ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል።

በዓሉን ለማንቋሸሽ አይደለም ይህን ማለታችን። ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ፣ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ፣ ሕመምተኛ ሲያስታምም የከረመ ወገን አንድ ቀን ተሰብስቦ ቋንቋውን መስማቱ ቀላል ነገር አይደለም። የምንጠይቀው ግን ይህ ነው፤ ያ ሰው ወደ በዓሉ ሲመጣ ይዞት የመጣው ነገር ካለ የሚያኖርበት ቦታ ተዘጋጅቶለታልን?

በባህላችን ዜማ ሁለት ወገን አለው፤ አውጪና ተቀባይ። አበባየሆሽ ሲባል አንዲት ልጅ ታወጣለች፤ ጓደኞቿ ይቀበላሉ። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሥራና ጠባይ ከዘመድ ጠይቃ ግጥሙን ትደረድራለች፤ የተቀመጠው ሁሉ እየተቀበለ ያለቅሳል። ከዚህም አልፎ በአዝማሪ ቤት ሥርዓቱ ይገለበጣል። ከአድማጩ መካከል አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ የገዛ ግጥሙን ይሰጣል፤ ባለ ማሲንቆውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። በዚያች ቅጽበት ገጣሚው አድማጩ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ተቀባይ ነው። ተቀባይ እንግዲህ የዘፈኑ ግማሽ እንጂ ተመልካች አይደለም፤ እርሱን ቢያጡት ዘፈኑ ጎዶሎ ይሆናል።

ዛሬ ይህ ነገር በሌላ ስም ወደ እኛ ተመልሶ እየመጣ ነው። የጤና ባለሙያዎችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች «ማኅበረሰቡን የሚያሳትፍ ኪነ ጥበብ» ለአእምሮ ጤናና ለባህል ትስስር ይበጃል ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሆነ ሕመምተኛን በመደገፍ ረገድ ጉልህ ድርሻ እንዳለው አመልክቷል። «እኛ ይህን ቀድሞውንም እናውቀው ነበር» ብለን ልንኩራራ እንችል ይሆናል። ነገር ግን የነበረን ሁሉ ዛሬም በእጃችን አለ ማለት አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ተሳትፎ የሚለው ቃል ራሱ መመርመር ያለበት ቃል ነው። የእኛ ታሪክ በዚህ ረገድ ከባድ ትምህርት ይሰጣል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ የከተማ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ አውራጃው፣ ክፍለ ሀገሩ የየራሱን የኪነት ቡድን አቆመ። ቀድሞ በሀገር ፍቅርም ሆነ በክቡር ዘበኛ መድረክ የመቆም ተስፋ ያልነበረው የሠፈር ወጣት ክራር አነሣ፣ ከበሮ መታ፣ ተውኔት ሠራ። በኋላ ስማቸው የገነነ ብዙ ድምፃውያንና ተዋንያን ከእነዚህ ቡድኖች መውጣታቸውን የሚክድ ሐቀኛ ሐያሲ የለም። በተሳታፊ ብዛት ከተለካ በታሪካችን ይህን ያህል ሰፊ የኪነት ንቅናቄ ማግኘት ያዳግታል።

ይሁን እንጂ ርእሱ ከላይ ይወርድ ነበር። ወጣቱ የሚያወጣው ሌላው ያወጣለትን ነው፤ የሚቀበለውም የታዘዘውን ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ወራት፣ ወጣቱን ያስጨፈረ የቀበሌ ግቢ ወጣቱን ያሰረ ግቢም ሆነ። ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንሻለን። አገር በሙሉ እንዲዘፍን በሚቀሰቀስበት በዚያ ዘመን የተከለከለው ሙሾ ነበር። ስለሆነም የአንድን ኪነት ነፃነት ለመመዘን ስንት ሰው እንደተሳተፈ መቁጠር አይበቃም፤ ያልተፈቀደው ዜማ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በጎ ምሳሌም አላጣንም። ኃይሌ ገሪማ ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተጉዞ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሣ፤ ፊልሙም በ1976 ለሕዝብ ታየ። በጥቁርና ነጭ በተነሣው በዚህ የአማርኛ ፊልም ውስጥ የምናያቸው ሰዎች አብዛኞቹ የትወና ሙያ የሌላቸው ናቸው። አራሹ ስለ አራሽ ሕይወት በገዛ አካሉ፣ በገዛ አረማመዱ መሰከረ። የእኛ ትውልድ ከዚህ ሊማረው የሚገባው ተማሪው ለገበሬው ንግግር ከመጻፍ ይልቅ የገበሬውን ዝምታ ለመቅረጽ መታገሡን ነው። ሆኖም ፊልም በመጨረሻ የአንድ ሰው መቀስ ይቆርጠዋልና፣ ተሳትፎው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚያው ከተማ ሌላ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1976 እ.ኤ.አ. ጁዲት ባካ የተባለችው ሠዓሊ በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ፣ በቱሁንጋ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ የካሊፎርኒያን ታሪክ ማሣል ጀመረች። ሥራው በትምህርት ዕረፍት ወራት እየቀጠለ ከ400 በላይ ወጣቶች ተካፈሉበት፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ከሕግ ጋር የተጋጩ የድኻ ሠፈር ልጆች ነበሩ። ሥዕሉ ግማሽ ማይል ያህል ርዝመት አለው። ልጆቹ ግን ቀለም ቀቢ ብቻ አልነበሩም። የአገሬውን ተወላጅ፣ የሜክሲኮውን፣ የጥቁሩን፣ የጃፓኑን ስደተኛ ታሪክ እያጠኑ፣ ከተለያየ ሠፈር መጥተው ጎን ለጎን እየሠሩ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ያልተጻፈውን በግድግዳው ላይ አኖሩት። በዚያ ሥራ ፈውስና እውነት አልተለያዩም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሂስ ያለ ግለ ሂስ ክስ ብቻ ነውና። በአንድ ወቅት ባዘጋጀነው የባህል ምሽት ላይ በዕድሜ የገፉ እናት ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ቀን ቀን በሰው ማጀት ዕቃ ያጥባሉ። የዘፈኑ ተራ አልቆ ሌላው ሲጠበቅ ብድግ አሉና በዝግታ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ፤ በጦርነቱ ወንድማቸው ሞቶ መርዶው ከመጣ ሳምንት አልሞላውም ነበር። አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ሴቶች መቀበል ጀመሩ። የዝግጅት ኮሚቴው፣ ማለትም እኛ፣ ተደናገጥን። «መርሐ ግብሩ ይበላሻል» አልን፤ «ከየትኛው ወገን ናቸው ይባላል» አልን፤ ሙዚቃውን ከፍ አደረግነው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ዝግጅታችን አልመጡም። የቀበሌውን ሹም በጽሑፋችን ስናወግዝ የኖርን ሰዎች በአንዲት ቁልፍ እርሱ የሠራውን ሠራን።

ጉዳዩን የግል ጸጸት አድርገን ብቻ ልንተወው አንችልም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የፈነዳው ውጊያ፣ በኦሮሚያ ለዓመታት የፈሰሰው ደም ስደተኛውን ከሥሩ ከፋፍሎታል። በአንድ እድር የነበሩ ሰዎች ተለያይተዋል፤ በአንድ ጀበና ቡና የጠጡ ጎረቤቶች ሰላምታ ተከላክለዋል። ሁሉም ሙታን አሉት፤ ሁሉም የሚያለቅሰው ግን በየራሱ ጓዳ ነው። መድረካችን በዚህ ሁሉ መካከል እስክስታን ብቻ ከመረጠ ሰላም ፈጠረ ሊባል አይችልም፤ ለቅሶውን አፈነ እንጂ። የታፈነ ለቅሶ ደግሞ ቂም ይሆናል።

«ሙሾን አደባባይ ብታወጡት ጠብ ትቀሰቅሳላችሁ» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም፤ ሙሾ ደም መላሽ ለመቀስቀስም አገልግሏልና። ዳሩ ግን የለቅሶ ቤት የራሱ ደንብ አለው። የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል፤ የሟቹን ወገን ሳይመረምር አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ይህን ደንብ የምናውቅ ሕዝብ የሌላውን ሙታን መቀበል አንችልም ብለን አስቀድመን መፍረድ የለብንም። ሊሞከር የሚገባው በትልቁ መድረክ ላይ ሳይሆን በትንሽ ክፍል፣ ያለ ድምፅ ማጉያና ያለ ባንዲራ፣ ሙሾ በሚያውቁ እናቶች መሪነት ነው። የአንዱን ሟች ስም ሌላው እንዲቀበለው፣ የሚቀዳውም ባለቤቶቹ ከፈቀዱ ብቻ እንዲሆን እንመክራለን።

ስለዚህ ከእንግዲህ የሚቀርብልንን ማናቸውንም «የሕዝብ ኪነት» በሦስት ጥያቄዎች እንመዝነው። ማን አወጣው? ማን ተቀበለው? ዝም የተባለውስ ማነው? በፌርፋክስ በሚቀጥለው መስከረም መድረክ ይተከላል፤ ይተከል። እኛ ግን ከመድረኩ ርቀን፣ ከምግብ ቤቶቹ በአንደኛው የኋላ ክፍል፣ ጥቂት ወንበሮች ክብ አድርገን እናኖራለን። አስቀድመንም እማማ ያሉበት ድረስ ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን። ቢመጡልን የሚያወጡት እርሳቸው ናቸው፤ የእኛ ድርሻ መቀበል ነው።