በጧፍ ብርሃን የተነሣ የሕፃን ፎቶግራፍ እንዴት ይመዘናል

በገና ዋዜማ ሌሊት በላሊበላ፣ ምእመናኑ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በቤተ ማርያም ዙሪያ ጧፍ አብርተው በሚቆሙበት ሰዓት፣ በእናቱ ጉያ ተሸጕጦ ነበልባሉን በዝምታ የሚመለከት ሕፃን ያየ መንገደኛ ካሜራውን ለማንሣት ቢቻኰል አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ሌሊት ከሚተርፉት ፎቶግራፎች መካከል ሁለተኛ ጊዜ ሊታዩ የሚገባቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

እኔ አስቀድሜ የምመረምረው ገጹ በምን እንደ በራ ነው። ጧፉ በሕፃኑ እጅ እንደ ሆነ፣ ብርሃኑ ከበታች ተነሥቶ አገጩንና ጉንጩን ይዳስሳል፣ ግንባሩ ላይ ሲደርስ ይደክማል፣ ከጆሮው በስተኋላ ጽልመት ይረከበዋል፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ አራተኛ እጅ ስለሚወርድም፣ እናቲቱ በጥላ ውስጥ መቅረቷ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ የሥራው ነውር አይደለም። ፍላሽ ከበራበት ግን ይህ ሥርዓት ሁሉ ይፈርሳል፤ ገጹ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይነጣል፣ ጥላው ከበስተኋላው ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ ብርሃኑም ከዓይኑ ውስጥ ካሉት የደም ሥሮች ነጥሮ ሲመለስ ብሌኑ ቀልቶ ይታያል።

ይህን የነበልባል ብርሃን ረቂቅ ጠባይ፣ ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ አስቀድሞ፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ደ ላ ቱር ጠንቅቆ ያውቀው ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በሣለውና ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም በሚገኘው የአናጢው የቅዱስ ዮሴፍ ሥዕል ላይ፣ ሕፃኑ ኢየሱስ ሻማውን በእጁ ሲጋርድ ብርሃኑ በጣቶቹ ሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ይታያል። ጧፍ የያዘ ሕፃን ፎቶግራፍ ሲቀርብልኝ ከገጹ በፊት ጣቶቹን የማየው ስለዚህ ነው።

የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊመልስ ስለሚሻ፣ በራሱ ፈቃድ ከተተወ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል፤ የሕፃኑም ጠይም መልክ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ብልህ አንሺ የሚገባውን ብርሃን ሆነ ብሎ ይቀንሳል፣ የጧፉንም ወርቅማ ቅላት አያጥበውም። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ መዝጊያው በ1/30 ሰከንድ ሲሠራ፣ የሚጠራው ስፍራ ጠባብ ነውና ለካሜራው የቀረበው ዓይን ከጠራ፣ እጁ ቢደበዝዝ ይቅር ይባላል፤ በ3200 አይ ኤስ ኦ የሚመጣውም አሸዋ መሰል ነጠብጣብ ከቶ አያሳዝነኝም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። «ወዲህ እይ» የተባለ ሕፃን ጧፉን እንደ ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ከንፈሩ ይሥቃል፣ ዓይኑ ግን ይፈራል፤ ከረሜላ ወይም ብር የተሰጠውም ቢሆን ዋጋውን የሚጠብቅ ፊት ያሳያል። ስለዚህ ሕፃኑ ሳያውቅ ቢነሣ ይሻላል፤ ሳያውቅ ይነሣ ማለት ግን በስርቆት ይነሣ ማለት አይደለም፤ እናቲቱን አስቀድሞ እጅ ነሥቶ ያስፈቀደ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ እስኪረሳው ድረስ በብርድ የታገሠ ሰው፣ ትዕግሥቱ በፎቶግራፉ ላይ ይነበባል፤ የእናቲቱ ትከሻ አልተሸማቀቀምና።

ደጋግሜ የማያት አንዲት ፎቶግራፍ አለች፤ የቤዛ ኵሉ ዝማሬ ሰዓት ገና ነው፤ ሕፃኑ እንቅልፍ እያሸነፈው ጧፉ ዘሟል፣ ሰሙ በነጠላው ጥለት ላይ ጠብ ብሏል፣ አንድ ዓይኑ ተከድኖ በሌላው ዓይኑ ላይ ነበልባሉ እንደ ጤፍ ቅንጣት ታንሶ ቆሟል፤ ከፍሬሙም ዳር የእናቱ እጅ ጧፉን ልትቀበለው ተዘርግታለች።