በ30 ዲግሪ ማዘንበል

ሞርሲቶ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ ማረሻው ሲነቀነቅ ድንጋይ ነው ይላል፤ ፈንቅሎ ወደ ድንበሩ ይወረውረዋል፣ በሬውንም ይነዳል። እ.ኤ.አ. ከ1998–2000ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ባድመና ዛላምበሳ ላይ ግን ይኸው ንክኪ እግር ያስከፍል ነበር።

በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያና የኤርትራ ተልዕኮ ሥር ከስሎቫኪያና ከባንግላዴሽ የመጡ ወታደሮች ፈንጂ አንስተዋል። በኢትዮጵያ በኩል ሥራውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የፈንጂ ማምከኛ ጽሕፈት ቤት ነበር። ስለ ሰላም አስከባሪ ሲወራ ጠመንጃውና ሰማያዊ ቆቡ ይነሳል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በጉልበቱ ተንበርክኮ ፈንጂ የሚያመክነው ነው።

የሚሠራባት መስመር ወርዷ አንድ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ቀጭን ዘንግ ወደፊት አስገብቶ ቀስ እያለ ያነሳል፤ የተወጠረ የወጥመድ ሽቦ ካለ ይሰማዋል። ከዚያ ሣሩን በመቀስ ይቆርጣል። መቼም ሣር መንቀል የለመደ እጅ እዚህ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ብረት ጠቋሚውን አንዱ ዙር ሌላውን እንዲነካ አድርጎ ያዞራል። ድምፅ ሲሰማ ፊት ለፊት አይቆፍርም፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መውጊያውን በ30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ያስገባል፣ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ። ፈንጂው የሚነቃው ከላይ ሲጫኑት ስለሆነ ጎኑን መንካት አለበት።

ፒኤምኤን የሚባለው የሶቪየት ፈንጂ ላዩ ጥቁር ጎማ፣ ሆዱ 240 ግራም ቲኤንቲ ነው። ፒኤምዲ-6 ደግሞ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ያለው ብረት ትንሽ ስለሆነ መሣሪያው ሹክ ከማለት አያልፍም። የሹክታውን ልክ የሚለየው የሰውየው ጆሮ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚወጣው የጥይት ቀለህ፣ የቦምብ ፍንጣሪ፣ ምስማር ነው። ሙያው የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ መቶኛውን ምስማር እንደ መጀመሪያው ፈንጂ በጥንቃቄ መቆፈር። ብረት ማረሻ የገጠመ ማሽንም፣ አሽታች ውሻም ይረዳሉ፤ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ግን ሥራው ወደ እጅ ይመለሳል።

መሬቱ ሲያልቅ ሌላ ቡድን ናሙና እየወሰደ እንደገና ይፈትሸዋል። አንድ ፈንጂ ከተገኘ ሥራው ሁሉ ወድቋል፤ እንደገና ይጀመራል። ካለፈ ደግሞ በብዙ አገር ፈንጂ አምካኞቹ ራሳቸው ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ገበሬው እያያቸው፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይረግጡታል።