ጄሶው ያልተናገረው

ቬሱቪየስ ተራራ እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. ፈንድቶ ፖምፔይን በአመድና በጠጠር ከቀበራት ወዲህ፣ ከተማዋ የምትታወሰው በኖረችበት ዘመን ሳይሆን በሞተችበት ቀን ነው። ሩሲያዊው ሠዓሊ ካርል ብሩሎቭ ከ1830 እስከ 1833 የሣለው ግዙፍ ሥዕልም ሆነ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን በ1834 ያሳተመው ልብ ወለድ፣ ርዕሳቸው ራሱ ስለ ፍጻሜዋ ነው። በብሩሎቭ ሸራ ላይ መብረቁ፣ የሚወድቀው ሐውልት፣ የሚሸሸው ሕዝብ አለ፤ ዳቦ ጋጋሪው ግን የለም።

ከሁለቱም ይበልጥ የተመልካችን ልብ የያዘው የጁሴፔ ፊዮሬሊ ሥራ ነው። አስከሬኖቹ ሲበሰብሱ በጠጠረው አመድ ውስጥ ባዶ ቦታ ትተው ነበርና፣ ፊዮሬሊ በ1863 በዚያ ክፍተት ፈሳሽ ጄሶ አስሞላበት። ጄሶው ሲደርቅ የሟቾቹ ቅርጽ ከነልብሳቸው እጥፋት ወጣ። እነዚህ ሐውልት አይደሉም፤ ሐሳብ ይዞ የቀረጻቸው ጠቢብ የለም። ስሕተቱ የጀመረው ተመልካቹ እንደ ሐውልት አይቶ ርዕስ ሲሰጣቸው ነው።

በ1974 «የወርቅ አምባር ቤት» በሚባለው መኖሪያ ውስጥ ሕፃን ያቀፈ፣ ከባድ የወርቅ አምባር ያጠለቀ ሰው ተገኘ። አምባር አለ፣ ሕፃን አለ፤ እንግዲያውስ እናት ናት ተባለ። ጎብኚውም ለሃምሳ ዓመት ያህል ለእናትነቷ አዘነ። በ2024 የታተመ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት ግን ሰውየው ወንድ መሆኑን፣ ከሕፃኑም ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳልነበረው አሳየ። እኅትማማቾች ወይም እናትና ልጅ ሲባሉ ከኖሩት ሁለት ተቃቃፊዎችም ቢያንስ አንዱ ወንድ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ግኝት እቅፉን አያሳንሰውም። እንዲያውም ያልወለደውን ሕፃን በዚያ ሰዓት የታቀፈ ሰው፣ ተመልካቹ ከደረሰለት እናት የከበደ ጥያቄ ያስነሣል። ጄሶው አልዋሸም፤ የዋሸው መግለጫው ነው።

ኑሮዋን ለሚሻ ሰው ታማኙ ምስክር ሌላ ዘንድ ነው። በ1862 በአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ከስለው የተገኙት 81 ዳቦዎች ማንም ርዕስ አልደረሰላቸውም፤ ስለዚህም ይመስላል እስከ ዛሬ የታመኑት። በ2023 ይፋ የሆነው ሌላ ዳቦ ቤት ደግሞ ጨካኝ ነው። መስኮቶቹ ትንንሽና በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ናቸው፤ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር የለውም። ዓይናቸው የተሸፈነ አህዮች ወፍጮውን ሲዞሩ እርምጃቸው እንዳይስት ወለሉ ተቦርቡሯል። በዚያ የተዘጉት እንስሳቱ ብቻ አልነበሩም፤ ባሪያዎቹም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ከብሩሎቭ መብረቅ ይልቅ ይህ ወለል ያስደነግጣል።

በዚያው ፍንዳታ ከተቀበረችው ከጎረቤቷ ከሄርኩላኒየም የተገኘ አንድ ዳቦ ላይ ማኅተም ታትሟል። የሚነበበውም፣ ዳቦው የኩዊንቱስ ግራኒዩስ ቬሩስ ባሪያ የሆነው የኬሌር መሆኑ ነው።