ከተያያዙ መጻሕፍት የትኛው ይቅደም?

አንድ መጽሐፍ ብቻውን ቆሞ የተጻፈ እንደሆነ አንባቢው ከፊተኛው ገጽ ተነሥቶ እስከ ኋለኛው ይሄዳል እንጂ ከየት ልጀምር ብሎ አይጨነቅም። ዳሩ ግን አንድ ደራሲ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ብዙ መጻሕፍት ጽፎ ሁሉንም በአንድ የታሪክ ሐረግ ያያያዛቸው እንደሆነ፣ የፊተኛው የትኛው ነው የሚለው ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል። በከተማችን በምሥራቅ በኩል፣ ከቦሌ እስከ ገርጂና እስከ አያት ባለው ሰፈር፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያነቡ ወጣቶች ይህን ክርክር ያውቁታል። እኔም የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ ልተወው አልወደድሁም፤ በተሳሳተ በር የገባ አንባቢ ብዙ ጊዜ ቤቱን ሳያይ ይመለሳልና።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ተሟልተው አይገኙም። አንዱን ጥራዝ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞት ይገባል፤ ሁለተኛው ያገለገለ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ይገኛል፤ ሦስተኛው ከነጭራሹ አይገኝም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ማስተዋል መሆኑ ቀርቶ ዕድል ይሆናል። መካከለኛውን ጥራዝ አስቀድሞ ያነበበ ልጅ ነገሩ ስላልገባው ደራሲውን ይነቅፋል፤ ደራሲው ግን አልበደለም።

ለምሳሌ የምወስደው የአሜሪካዊውን የአይዛክ አሲሞቭን የሳይንስ ልብ ወለዶች ነው። ከእነርሱም ዋነኛው በእንግሊዝኛ «ፋውንዴሽን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «መሠረት» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲው በሩስያ አገር ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደ፣ በቦስተን ዩኒቨርሲቲም የባዮኬሚስትሪ ትምህርት ያስተማረ ሰው ነው። ሐሳቡን ያገኘው በ1941 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (የውጭ መጻሕፍትን ዘመን ሁሉ በዚሁ እቆጥራለሁ) ጊቦን የተባለው እንግሊዛዊ ስለ ሮማ መንግሥት መድከምና መውደቅ ከጻፈው ታሪክ ነበር። በሮማ ፋንታ በከዋክብት መካከል 12,000 ዓመት የኖረ መንግሥት አቆመ። መንግሥቱ ሊወድቅ ነው፤ ከወደቀም በኋላ 30,000 ዓመት ጨለማ ይሆናል። ሃሪ ሴልደን የሚባል የሒሳብ ሊቅ የሕዝብን የወደፊት አካሄድ በቁጥር አስልቶ፣ ጨለማውን ወደ 1,000 ዓመት ለማሳጠር በዓለማት ዳርና ዳር ሁለት የሊቃውንት ማኅበር ይተክላል። አንደኛው በግልጥ የታወቀ ነው፤ ሁለተኛው የት እንዳለ አይታወቅም።

ይህ ታሪክ ከ1942 እስከ 1950 በመጽሔት እየተከፈለ ከወጣ በኋላ «መሠረት» በ1951፣ «መሠረትና መንግሥት» በ1952፣ «ሁለተኛው መሠረት» በ1953 ተብሎ በሦስት ጥራዝ ታተመ። በዚያው ዘመን ደራሲው ከዚህ የተለየ የሮቦት ታሪክ ነበረው፤ «እኔ ሮቦት» በ1950፣ «የብረት ዋሻዎች» በ1954፣ «ራቁቷ ፀሐይ» በ1957 ወጡ። ከዚያ ወዲያ የመሠረትን ነገር ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ተወው። በ1982 «የመሠረት ጠርዝ»ን ሲጽፍ ግን እንደገና ተነሣ፤ በሚከተሉትም ዓመታት ሁለቱን ወንዞች ወደ አንድ ለማግጠም ደከመ። በ1983 «የንጋት ሮቦቶች»፣ በ1985 «ሮቦቶችና መንግሥት»፣ በ1986 «መሠረትና ምድር»፣ በ1988 «የመሠረት መቅድም» ታተሙ። የመጨረሻው፣ «መሠረትን ወደፊት» የተባለው፣ ደራሲው በ1992 ከሞተ በኋላ በ1993 ወጣ።

እንግዲህ በ1988 መጽሐፉ መግቢያ ላይ አሲሞቭ ራሱ 14 መጻሕፍቱን በታሪኩ ዘመን ተራ ደርድሮ ለአንባቢው ሰጠ፤ ሮቦቶቹን አስቀደመ፣ «መቅድም»ን ከ«መሠረት» በፊት አኖረ። ብዙ ሰዎች ይህን ዝርዝር እንደ ሕግ ይዘውት ይኖራሉ፤ የጻፈው ሰው ከተናገረ ሌላ ማን ይናገራል ይላሉ። እኔ ግን ደራሲ መጽሐፉን በመጻፍ እንጂ አንባቢን በማዘዝ ሁልጊዜ አዋቂ ነው ብዬ አላምንም። አሲሞቭ ዝርዝሩን ሲያወጣ የ68 ዓመት ሰው ነበረ፤ የሥራውንም ሁሉ ፍጻሜ ያውቃል። የሚያውቀውን ሰው የማያስቸግረው ተራ የማያውቀውን ያበላሽበታል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። «ጠጠር በሰማይ» የተባለው የ1950 መጽሐፍ ምድራችንን የሚያሳየን በጨረር የተመረዘች፣ ሕዝቧም የተናቀ ሆና ነው። እንዴት እንዲህ ሆነች? አንባቢው ይጠይቃል፤ ደራሲውም በቂ መልስ አይሰጠውም። ምክንያቱ የሚነገረው ከ35 ዓመት በኋላ በ«ሮቦቶችና መንግሥት» ነው። በታሪኩ ዘመን ተራ የሚሄድ አንባቢ መልሱን አግኝቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ ጥያቄው ይደርሳል። እንቆቅልሽ ሲጫወቱ አገር ስጠኝ ከመባሉ በፊት ፍቺውን እንደ መናገር ነው።

ሴልደንም እንዲሁ ነው። በ1951ዱ መጽሐፍ ሽማግሌ ሆኖ፣ ለፍርድ ቀርቦ ጥቂት ገጽ ብቻ እናየዋለን፤ ቀጥሎ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ የሚታየው አስቀድሞ ባስቀረጸው ምስል ነው፤ መከራ በመጣ ጊዜ ሁሉ ምስሉ ተገልጦ ይህ እንደሚመጣ አውቄ ነበር ይላል። ይህ ሩቅነቱ የመጽሐፉ ነፍስ ነው። ሊቁ ምን ያህል ያውቅ ነበር? አንድ ቀንስ ይስት ይሆን? «መቅድም»ን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን ይኸው ሴልደን ወጣት ሆኖ፣ ከአገሩ ወጥቶ፣ በትራንቶር ከተማ እየሸሸና እየተደበቀ፣ ሒሳቡ ገና ምንም ሳይሆን አይቶታል። ከዚህ በኋላ ምስሉ ሲገለጥ የሚያየው የሚያውቀውን ጎልማሳ ነው፤ አያስፈራውም። በ«መቅድም» መጨረሻም የአንድ ሰው እውነተኛ ማንነት ይገለጣል። እርሱ ማን እንደ ሆነ እዚህ አልናገርም፤ ነገር ግን ያ ገጽ «የብረት ዋሻዎች»ን ላላነበበ ሰው ባዶ ስም ነው፤ ላነበበው ግን መጽሐፉን አስቀምጦ ተነሥቶ የሚንጎራደድበት ነው። (ከ2021 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታየው ተከታታይ ፊልም ይህን የሚመስል ምስጢር በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አውጥቶታል። ፊልሙን አይቶ ወደ መጽሐፉ የሚመጣ ሰው ይህን ያህል እንደ ከሰረ ይወቀው።)

ሁለት ተቃውሞ ይነሣብኛል። ፊተኛው ብልህ ተቃውሞ ነው። በ1951 ከታተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል፣ ሴልደን ለፍርድ የቀረበበት፣ በመጽሔቱ አልነበረም፤ ደራሲው ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ በኋላ ለጥራዙ ብሎ የጻፈው ነው። እንግዲህ ራሱ አሲሞቭ ኋላ የጻፈውን ፊት ካስቀመጠ እኛ ለምን እንከለክላለን ይሉኛል። የምመልሰውም፣ ያ ክፍል ደጅ ሆኖ ተሠራ እንጂ ምስጢር አላወጣም፤ የሚከተለውን ሳይገልጥ አንባቢውን ያስገባል። «መቅድም» ግን ስሙ ደጅ ይሁን እንጂ ሥራው ጓዳ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጣዕም ነው፤ እርሱንም በከፊል እቀበለዋለሁ። የመጀመሪያው ጥራዝ ደረቅ ነው። ሰዎቹ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ጦርነቱ ከመድረክ በስተኋላ ይሆናል፤ ሴት የምትባል ከሞላ ጎደል አትታይም። ቤይታ የተባለችው ጠንካራ ሴት እስክትመጣ ድረስ ሁለተኛውን ጥራዝ መጠበቅ ያሻል። ዳሩ ግን ያ ሁለተኛ ጥራዝ የሴልደንን ስሌት የሚያናጋ አንድ ያልታሰበ ሰው ያመጣል፤ የሚያስደነግጠውም የመጀመሪያው ጥራዝ ስሌቱን እንድናምን ስላደረገን ነው። ያ ድርቀት ዋጋው ይህ ነው፤ እኔ አልተወደደብኝም።

ታላቁ ደራሲ ሉዊስ ስለ ናርኒያ በጻፋቸው ሰባት መጻሕፍትም ይኸው ክርክር ተነሥቷል። «አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁምሣጥኑ» በ1950 የመጀመሪያ ሆኖ ወጣ፤ የአገሩን መፈጠር የሚናገረው «የአስማተኛው የእኅት ልጅ» በ1955 ስድስተኛ ሆኖ ታተመ። ደራሲው በ1957 ለአንድ አሜሪካዊ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ በታሪኩ ዘመን ተራ ማንበብን ደግፏል፤ ነገር ግን ተራው ምናልባት ብዙ ላያስጨንቅ እንደሚችል ጨምሮበታል። አሳታሚዎቹ በ1994 የፊተኛውን ቃል ይዘው ቁጥሩን ለወጡ፤ የኋለኛውን ረሱ። በበረዶ መካከል ብቻውን የሚበራውን ፋኖስ አስቀድሞ ያየ ልጅ፣ ፋኖሱ እንዴት እንደ በቀለ ኋላ ሲያነብ ደስ ይለዋል። ተራውን ገልብጦ ያነበበው ግን ፋኖስን ፋኖስ ብሎ ያልፈዋል።

ወደ አገራችን መጻሕፍት ስንመለስ፣ ብርሃኑ ዘርይሁን በ«ማዕበል» ሦስት ክፍሎች ድካም አላበዛብንም። «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ»፣ «የአብዮት ማግስት» ብሎ ሰየማቸው፤ ዋዜማ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ማግስትን አስቀድሞ አይይዝም። የይስማዕከ ወርቁ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማትና የጠፈርን ምርምር በአንድ ምስጢር ያጋጠመ ስለ ሆነ ከአማርኛ መጻሕፍት ሁሉ ለዚህ ለያዝነው ነገር ቅርብ ነው። ተከታዩ «ራማቶሓራ» ነው። ሁለቱም ስሞች የምስጢር ስሞች ናቸውና ማን ማንን እንደሚቀድም ከሽፋኑ ላይ አይታወቅም። ኋለኛውን አስቀድሞ የገዛ ሰው የፊተኛውን ምስጢር ተፈትቶ ያገኘዋል፤ የሚያነበውም ፍለጋን ሳይሆን የፍለጋን ወሬ ነው።

የበዓሉ ግርማ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1966 ዓ.ም. «የሕሊና ደወል»ን አሳተመ፤ በ1975 ዓ.ም. ያንኑ ታሪክ፣ ያንኑ ሐዲስ ሣህሌን ይዞ፣ አስፍቶና ለውጦ «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። በመካከላቸው አብዮት አለ። ታሪኩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ኋለኛውን ቢያነብ ይበቃዋል። ዳሩ ግን ደራሲው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ተወ ሊያይ የሚወድ ሰው፣ ከፊተኛው ካልጀመረ አያየውም። የኅትመት ተራ ከምስጢር ሌላ የሚጠብቀው ይህን ነው፤ ጸሐፊው በየዘመኑ ምን ያስብ እንደ ነበረ ተራው ይናገራል። የአሲሞቭ የ1951 መጽሐፍ መንግሥትን በብልህ ነጋዴዎችና በከንቲባዎች እጅ ሲያኖር፣ የ1986ቱ ግን ይህ ሁሉ ይበቃል ወይ ብሎ ይጠራጠራል።

ተራ ማለት ዕድሜን መከተል ብቻ ነው ያልሁ አይምሰላችሁ። በየኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ሕፃን ከፊደልና ከአቡጊዳ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎ ወንጌልን፣ በኋላም ዳዊትን ይይዛል፤ ይህ ተራ የተጻፉበትንም ዘመን የታሪኩንም ዘመን አልተከተለም፤ የተማሪውን አቅም ተከተለ እንጂ። እኔም ስለ አሲሞቭ የምሰጠው ተራ አንባቢውን ያየ ነው። አስቀድሞ የ1951፣ የ1952ና የ1953 ሦስት ጥራዞች ይነበቡ። ቀጥሎ «የብረት ዋሻዎች»ና «ራቁቷ ፀሐይ»፤ እነዚህ የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ስለ ሆኑ ከደረቁ ጥራዝ በኋላ ያሳርፋሉ። ከዚያ በኋላ ከ1982 ጀምሮ የወጡትን እንደ ወጡበት ዓመት መከተል ነው። «እኔ ሮቦት» አጫጭር ታሪክ ስለ ሆነ በፈለጉት ጊዜ ይነበባል። «ጠጠር በሰማይ»ንና ሁለቱን ጓደኞቹን ያጣ ሰው አይዘን፤ ያገኘ ግን ከ«ሮቦቶችና መንግሥት» በፊት ያንብባቸው።

ሙሉውን ማግኘት የማይቻለው፣ በእጁ አንድ ጥራዝ ብቻ የገባው አንባቢ ምን ያድርግ? «የብረት ዋሻዎች» የደረሰው እንደሆነ ሳይጠራጠር ይጀምር፤ ብቻውን ይቆማል። «መሠረትና መንግሥት» የደረሰው እንደሆነ የመጀመሪያውን ጥራዝ ፍሬ ነገር ከአነበበ ጓደኛ በቃል ሰምቶ ቢገባ ብዙ አይጎዳም። «ሁለተኛው መሠረት»፣ «መሠረትና ምድር» ወይም «መቅድም» የደረሰው እንደሆነ ግን ሽፋኑን አይቶ መልሶ ያስቀምጠው፤ የሚቀድመው ጥራዝ ያለው ሰው በገርጂ ወይም በመገናኛ እስኪገኝ ድረስ ይጠብቅ።