ማዕረግ፣ ደረጃ፣ መደብ፦ ከዐማራት ሰፈር አንጻር የታየ የአየር በረራ አማርኛ

በካርቱም ዐማራት የሚባለውን ሰፈር ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚለየው አንድ ጎዳና ነው። የሰፈሩ ስም በዐረብኛ «ሕንጻዎች» ማለት ሲሆን፣ የመነሻ ድምፁ ዐይን ስለ ሆነ በፊደል በዐይኑ «ዐ» መጻፉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ ይህን የጉሮሮ ድምፅ ከንግግሩ ካወጣ ብዙ ዘመን አልፏል። ተናጋሪው «አማራት» ብሎ ያነበዋል፤ የግእዝን የብዙ ቁጥር ምእላድ የለመደ ጆሮ ደግሞ «አማሮች» የተባለ ይመስለዋል። ሁለቱ ስሞች ዝምድና የላቸውም። ሰፈሩ እዚህ የተነሣው ግን ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ደረጃው ነው።

በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1956) የካርቱም የመኖሪያ መሬት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባለ በደረጃ ተከፋፍሎ ነበር። የቦታው ስፋት፣ የኪራዩ ዘመንና ለግንባታ የሚፈቀደው ቁሳቁስ በዚሁ ይወሰን ነበር፤ አከፋፈሉም ከነጻነት በኋላ ቀጥሏል። ዐማራት የአንደኛ ደረጃ ሰፈር ሆነ፤ ኤምባሲዎች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቢሮዎችና የአየር መንገዶች ትኬት ቤቶች ገቡበት። ከእርሱ በስተ ምዕራብ ያለው ደይም በዚህ መሰላል ግርጌ የተቀመጠ ነበር፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የኖሩትና ምግብ ቤት የከፈቱት እዚያ ነው። ከደይም ወጥታ በዐማራት ቤቶች ስታገለግል የምትውል ሴት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ደረጃ ትሻገር ነበር። የምትሻገረው ነገር የሚጠራበት ቃል ደግሞ በሁለቱም ቋንቋዎቿ አንድ ነበር።

ያው ቃል በትኬት ቤቱም ይጠብቃታል። በዐረብኛ የአውሮፕላን አንደኛው ክፍል «አድ-ደረጃ አል-ኡላ»፣ ቢዝነስ ክላስ የሚባለው «ደረጃት ሪጃል አል-አዕማል»፣ ርካሹ ክፍል «አድ-ደረጃ አስ-ሲያሒያ» ይባላል። ስያሜዎቹ እንከን የለባቸውም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ቃል በቃል ሲፈታ «የሥራ ወንዶች ደረጃ» ነው፤ ሴት ነጋዴ ትከፍልበታለች እንጂ አልተጠራችበትም። ሦስተኛው «የጎብኚዎች ደረጃ» ማለት ነው፤ ለቤት ሠራተኝነት የምትጓዝ ልጅም ጎብኚ ተብላ ትቀመጣለች። ነገር ግን ሦስቱም መሰላሉን አይሸሽጉም። መሬቱም መቀመጫውም በአንድ ቃል ይመዘናሉ፤ አንዱን የተረዳ ሌላውን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ እንዲያውም ሦስት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው «ማዕረግ» ነው። ሥሩ ግእዙ «ዐርገ» ነው፤ ወጣ፣ ከፍ አለ ማለት ነው። ከዐረብኛው «ዐረጀ» እና ከ«ሚዕራጅ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። «ደረጃ» ከዐረብኛው «ደረጃ» ጋር የሚጋራው ድምፁን ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድም የእግር መወጣጫን፣ አንድም የክብር መጠንን ይሰይማል። «መደብ» በገጠር ቤት ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከጭቃ የሚሠራ መቀመጫና መኝታ ነው። ሁለቱ ሰው የሚወጣባቸው፣ አንዱ ሰው የሚቀመጥበት ነው። ለአውሮፕላን ከዚህ የቀረበ መዝገበ ቃላት አይገኝም። ሆኖም አማርኛ ተናጋሪው የአውሮፕላኑን ደረጃ ወጥቶ ሲገባ የሚቀመጠው «ቢዝነስ ክላስ» ወይም «ኢኮኖሚ ክላስ» ውስጥ ነው።

ይህ የሆነው በስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ሦስቱም ቃላት አውሮፕላኑ ዘንድ የደረሱት ሌላ ሸክም ተሸክመው ነው። «አንደኛ ደረጃ» ትምህርት ቤት ገብቶ የመሰላሉ ታችኛው እርከን ሆኗል፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መሄድ ማደግ ነው፤ በአውሮፕላን ግን መውረድ ይሆናል። (አገር አቋራጭ አውቶቡሱ ይህን ችግር በቀላሉ ፈትቶታል፤ ቁጥሩን ከኋላ አድርጎ «ደረጃ አንድ» ይላል፤ ምርጡ አውቶቡስ እርሱ መሆኑን የሚስት መንገደኛ የለም።) «መደብ» ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ «የመደብ ትግል» ከሚለው ሐረግ ሊላቀቅ አልቻለም። በሰዋስው መጻሕፍት ደግሞ «አንደኛ መደብ» ማለት «እኔ» ማለት ነው፤ የቋንቋ መምህር «አንደኛ መደብ ተጓዥ» የሚል ሐረግ ቢያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የቀረው «ማዕረግ» ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ፉርጎዎቹ በማዕረግ የተለዩ ነበሩና ቃሉ ለጉዞ የተፈተነ ነው። በቁጥር ሲነገርም እንደ ትምህርት ቤቱ ደረጃ አይገለበጥም። የሚቃወመው ነገር ቢኖር ወታደሩና የዩኒቨርሲቲ ተመራቂው መሻማታቸው ነው፤ ሁለቱም ማዕረግን በድካም ያገኙታል እንጂ አይገዙትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ ሲጀመር ቃሉ አላስፈለገውም። የመጀመሪያው የንግድ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲደረግ፣ ከጦርነቱ የተረፉት ሲ 47 አውሮፕላኖች በግራና በቀኝ ግድግዳቸው የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር፣ በመካከላቸው ጭነት ነበራቸው። ያ አቀማመጥ ከየትኛውም ፉርጎ ይልቅ የገጠሩን ቤት መደብ ይመስላል። ክፍፍሉ ኋላ ሲመጣ ከነስሙ መጣ።

ዛሬ የቢዝነስ ክፍሉ የንግድ ስም «ክላውድ ናይን» ነው። በእንግሊዝኛ ደስታው ጣራ የነካ ሰው ዘጠነኛው ደመና ላይ ነው ይባላል፤ በአማርኛ ግን ደመና ፊት ላይ ሲያርፍ ኀዘን ነው፤ ፊቱ ዳመነ ይባላልና። ቁጥሩም ቢሆን በአገሩ ትምህርት ቦታ የለውም፤ ሰማያቱ ከኢዮርና ከራማ እስከ ጽርሐ አርያም ሰባት ናቸው። የታማኝ ደንበኞች መርሐ ግብር «ሼባ ማይልስ» ይባላል። አማርኛ ንግሥቲቱን «ሳባ» ነው የሚላት፤ «ሼባ» በአዲስ አበባ የመንገድ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ካርቱም የኖረ ሰውም «ሸይባ» ሲል ሽበትን መሰየሙ ነው። ብዙ በመብረር የሚገኘው ሽልማት በሁለቱ ከተሞች ጆሮ የሽማግሌ ጉዞ ይመስላል። ስሞቹ ለሩቅ ገበያ የተቆረጡ መሆናቸው ነውር አይደለም፤ አየር መንገዱ ዓለምን ያዳርሳልና። ነቀፌታው አማርኛ አቻ ሳይበጅላቸው መቅረቱ ላይ ነው። በአንጻሩ «ሰላምታ» የተባለው የበረራ መጽሔት በአማርኛ ስሙ ዓለምን መዞሩ ስሙ ራሱ እንቅፋት እንዳልነበረ ያሳያል።

ከስያሜው ይልቅ አማርኛው በራሱ ሕግ የሚሠራው በአጠራሩ ላይ ነው። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞቻችን» ተብሎ ሲታወጅ፣ ቀበቶአችሁን እሰሩ ሲባል፣ መጋረጃው ከሰዋስው ይወገዳል። አማርኛ በነጠላ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን ቢለይም በብዙ ቁጥር «እናንተ» ብቻ አለውና። ክቡርነቱም ለሁሉ ይደርሳል። «መንገደኛ» የሚለውም ቃል ማዕረግ አይወድም፤ ባለ ወርቅ ካርዱንም በእግሩ የሚያልፈውን እንግዳም እኩል ይጠራል። ልዩነቱ የሚመለሰው አንድ ሰው ለብቻው ሲናገሩት ነው፤ ያን ጊዜ «እርስዎ» እና «አንቺ» ይመረጣሉ፤ የሚመረጡትም በዕድሜ፣ በአለባበስ፣ በአነጋገር እንጂ በትኬት አይደለም። የሃያ ዓመት ልጅ ቢዝነስ ክላስ ብትቀመጥ ቋንቋው «አንቺ» ሊላት ይችላል፤ እናቷ ከኋለኛው ረድፍ «እርስዎ» ይባላሉ። የተዋሰው ቃል በገንዘብ ይለያል፤ የነባሩ ሰዋስው በሌላ ሚዛን ይመዝናል፤ ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን ሳይነጋገሩ ይጓዛሉ።

ይህ ጉዳይ የስም ማስዋብ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ካርቱም ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም። በዚያ መስመር ትሄድ የነበረችው አማርኛ ብቻ የምትናገር ሠራተኛ በእጇ የያዘችው ትኬት ምን መብት እንደሚሰጣት፣ ምን እንደሚከለክላት በገዛ ቋንቋዋ የሚነግራት ቃል አልነበራትም፤ «ኢኮኖሚ» የምጣኔ ሀብት ስም ነው እንጂ የወንበር ስም መሆኑ አይታወቅም። ዐማራት ከርማ ዐረብኛ ስትለምድ «ደረጃ»ን አገኘችው፤ የገዛ ቋንቋዋን ቃል በባዕድ አፍ ተማረችው። የቃላት ኮሚቴዎች ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ የደከሙትን ያህል ለትኬት ቢደክሙ «አንደኛ ማዕረግ» ወይም በአውቶቡሱ ሥርዓት «ማዕረግ አንድ» ማለት የሚከብድ አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር፤ አውሮፕላኖች ቆመው ተቃጠሉ፤ ከጎዳናው ማዶ ዐማራት ነበር። ዕለቱ ለኦርቶዶክሳውያኑ ኢትዮጵያውያን የትንሣኤ ዋዜማ ነበር። በረራ ስለ ተቋረጠ ከደይምም ከዐማራትም የወጡ ብዙዎች በየብስ ወደ መተማ ተጓዙ። በዐረብኛ «ሙሳፊር» ተብለው ተነሡ፤ ድንበሩን ሲሻገሩ «ተሳፋሪ» ሆኑ። ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ተነባቢዎች አሏቸው፤ በአማርኛ ግን በእነዚያው ተነባቢዎች «ሰፈር»ም ይጻፋል።