ይችን ስማት!

በካሴት ዘመን የሙዚቃ ሃያሲያችን ካሴት ሻጩ ነበር። ሞንታርቦውን ወደ መንገድ አዙሮ ያስጮኸዋል፤ የአላፊ አግዳሚውን ፊት ያነባል፤ ደንበኛው ብቅ ሲል ደግሞ «ይችን ስማት፣ ግዴለህም!» ይላል። ዲግሪ የለውም፣ ጋዜጣ ላይ አይጽፍም። ግን ዛሬ ያሞኘው ደንበኛ ነገ ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቃልና ያገኘውን ሁሉ አያወድስም። እኔ ለዓመታት ስለ ሂስ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ብያኔ አላገኘሁም፤ «ይችን ስማት» ማለት፣ ለምን እንደምትሰማ መናገር፣ ለተናገሩት ዋስ መሆን።

ካሴት ሻጩ ከነካሴቱ ሄደ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ (ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል) ለምንኖር ሰዎች ቦታውን የያዘው የሚኒባስ ሹፌሩ ነው። ጠዋት በአየር ጤና፣ በአስኮ ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ ማታ በዚያው የሚመለስ ሰው፣ ከልጆቹ ጋር ከሚያወራበት ሰዓት የሹፌሩን ፍላሽ የሚሰማበት ሰዓት ሳይበልጥ አይቀርም። አንዱ ዘፈን ኦሮምኛ ነው፣ ቀጣዩ አማርኛ፣ ከዚያ ደግሞ የፈረንጅ ዳንኪራ። ቋንቋው ያልገባው ተሳፋሪ ሳይቀር በእግሩ ምቱን ይከተላል። የዘፋኙን ስም ግን ማንም አይጠይቅም።

በእኔ ዕድሜ ያለው ተሳፋሪ ያማርራል። «ይሄ የማሽን ጩኸት ዘፈን ነው እንዴ? ድሮ ቀረ!» በከፊል እውነት አለው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1977 ጆርጆ ሞሮደር ለዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ»ን ሲሠራ ሙዚቃውን ከሞላ ጎደል በሲንተሳይዘር ሠርቶ ዲስኮን ወደ ማሽን ዘመን አሻገረው። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው»ን በሙሉ ባንድ አወጣ። ከተማው በሰዓት እላፊ ሥር ነበር፤ ጭፈራ ቤት የገባ እስኪነጋ ተቆልፎበት ያድራል። ኋላ ማሽኑ እኛም ዘንድ ገባና የትራምፔት ነፊውን፣ የባስ ጊታሪስቱንና የከበሮ መቺውን እንጀራ አንድ ኪቦርድ ጠቅልሎ ወሰደው። ኪሳራው የምር ነው። ግን ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ ማሽኑን የያዘው ሰው?

መልሱ አንድ ካሴት ላይ አለ። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ካሴት ብቻውን ቀዳ። ስሙት! ማሽኑ እንደ ወፍጮ ሳይለወጥ ይዞራል። አኮርዲዮኑ ግን ይተነፍሳል፤ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ደግሞ ይመለሳል። የዜማው መዋለል እንዲህ ጎልቶ የሚሰማን ከበሮው ግትር ስለሆነ ነው። ማሽኑ በሌለው ከበሮ መቺ ቦታ ተቀምጦ እሱን ለመምሰል አይጥርም። የሠርግ ቤቱ ኪቦርድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያልመጡትን ሙዚቀኞች ለመምሰል ሲለፋ የራሱ ድምፅ ሳይኖረው ይቀራል።

ይሄን መለኪያ ይዛችሁ ወደ ዛሬዎቹ ኑ። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም ይሠራል፤ ሙዚቃውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎታል። ከ2015ቱ «ሌቱ ሲነጋ» ጀምሩለት። ከዚያ የሚካኤል ሰይፉን «ዘላለም» (2016) ስሙ። ሁለቱም ላይ የአገር ቤቱ ድምፅ ለቱሪስት እንደተሰቀለ ጌጥ አልተለጠፈም። ይቆረጣል፣ ይደጋገማል፣ ከምቱ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል። «ለጭፈራ አይሆንም» ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ ማታ ብቻችሁን ስሙት። ሮፍናን ደግሞ በ2018 በ«ነጸብራቅ» የኤሌክትሮኒክ ድምፁን አደባባይ አውጥቶ ብዙ ሕዝብ አስጨፈረበት። አንዳንድ ቦታ ምቱ መቼ እንደሚፈነዳ ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ይሰለቸኛል። ቢሆንም የአገር ቤት ዜማና የዳንስ ሙዚቃ ተጋብተው መኖር እንደሚችሉ ለብዙ ወጣት ያሳየው እሱ ነውና ስሙት እላለሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «ሸሞንሟናዬ»ን ከስንት ዓመት በኋላ አግኝቶ ለዓለም ያስተዋወቀው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የት አገኘው? ባሕር ዳር! በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው ማሳተሚያው እንደገና አወጣው። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል፤ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ አየር ማረፊያው ጋ ተራ ሲጠብቅ ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ ነው መድረክ ላይ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን ያወጣው። ከላይ የጠቀስኳቸው የእንደገናና የሚካኤል ሥራዎችም የታተሙት አሜሪካ ነው። ፈረንጁን አልወቅስም፤ እንዲያውም አመሰግነዋለሁ። የካሴት ሻጩን ሥራ ሠራ። ካሴቱ ግን እኛ ጋ ነበር፤ ያጣነው «ይችን ስማት» የሚል ሰው ነው።

«ስልኬ ይመርጥልኛል» የሚሉኝ ልጆች አሉ። ስልኩ ትናንት የሰማችሁትን አይቶ እሱን የሚመስል ያቀርብላችኋል፤ ሺህ ሰው የሰማውን ለሺህ አንደኛው ያቀብላል። ገና ማንም ያልሰማውን ከምን ተነስቶ ይጠቁም? ሰበታ ወይም ሱሉልታ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ በአሮጌ ላፕቶፕ ምት የሚቀምር ልጅ አለ ብዬ እወራረዳለሁ። ለዚያ ልጅ የመጀመሪያውን አድማጭ የሚያመጣለት ስልክ አይደለም፤ ሰው ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ሹፌሩን «ቀንስልን!» ከማለታችን በፊት «ይሄ የማን ነው?» እንበለው። ስሙን ይዘን ቤት እንግባ፤ ደግመን እንስማው። ከጣመን ለአንድ ሰው እንንገር፣ ምክንያቱን ጨምረን። ካልጣመንም እንንገር፣ እሱንም ምክንያቱን ጨምረን።